በር የሌላት መኪና

ተረቴ ደርሳለች፤ በሩን ክፈቱላት!

«ልጄ፣ ቤት ቢያምርሽ መጀመሪያ በሩን እዪ» ብላት ነበር እናቷ፣ ፍየሊት ገና ግልገል ሳለች።

እሷም በተራዋ ወለደች። ልጇ በትኩሳት የነደደ ዕለት አዝላው ወደ ሐኪሙ ጉሬዛ ስትሮጥ፣ እንስሳው ሁሉ በካፊያ ተሰብስቦ እልል ሲል ደረሰች። መኪና ሠሪው ዝንጀሮ አንዲት የምታብለጨልጭ መኪና የሐር ልብሷን ገልጦ እያሳየ ነበር።

«እሜቴ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው፤ ሐኪም ዘንድ አድርሺን» አለቻት ፍየል።

«እኔ? እኔ እኮ የምታይ እንጂ የምሄድ አይደለሁም! የነገ መኪኖች መልካቸው እንዲህ ነው ለማለት ነው የቆምኩት። ደግሞ ጭቃሽን አታስነኪኝ!»

ፍየል ዞር ዞር ብላ አየቻት። በር የመሰላት በቀለም የተሣለ መስመር ነው።

«ነገ ትይኛለሽ? በር እንኳ የለሽ! የኔ ልጅ የማይገባበት ነገ ለማን ነው?»

ጋሪ የምትጎትት አህያ ይህን ሰምታ፣ «ነይ ጋሪዬ ላይ ውጪ እቴ፤ እኔ ባላምርም እደርሳለሁ» አለቻት።

ፍየል ልጇን ጋሪው ላይ አስተኛች። ከዚያም ተመልሳ፣ ዝንጀሮው ዓይኑ እያየ፣ የመኪናዋን የሐር ልብስ ጎትታ ወሰደችና ግልገሏን ከካፊያው ሸፈነችበት።