በፌስታል ውስጥ ነቅቶ የዋለ ስልክ

አንድ ጀልባ ነጂ ነበር። ስሙ አንማው ይባላል። የሚኖረው በሰፊ ሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ላይ ሲሆን፣ በደሴቲቱ ሞተር ያለው ጀልባ የእሱ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው በደንገል ታንኳ ነው የሚቀዝፈው። ስለዚህ ገበያ የሚሄደውም፣ ታሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሻገረውም ዓይኑ እሱ ላይ ነው።

ሚስቱ የሻረግ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ፣ "ልጁ ራሱን ወደ ታች አላዞረም። ምጥ ሲጀምርሽ ቶሎ ተሻገሪ፤ እቤት እንዳትሞክሪው" ብላ አስጠንቅቃታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ፍርሃት አብሮ ይበላ፣ አብሮ ይተኛ ነበር።

የገበያው ቀን ደረሰ። የሻረግ በሩ ላይ ቆማ፣ "ዛሬ እንኳ ብትቀርስ? ወገቤን ከማለዳ ጀምሮ ይዞኛል" አለችው።

"ሰው ሁሉ እየጠበቀኝ እንዴት እቀራለሁ? ስልኬ አብሮኝ ነው። ትንሽ ከባሰብሽ ደውዪልኝ፣ እመጣለሁ።"

"ብደውል ትሰማለህ?"

"ያንቺን ጥሪ ሳልሰማ የማንን ልሰማ ነው?" ብሏት ወደ ሐይቁ ወረደ።

አንማው ግድ የለሽ ሰው አልነበረም። ከመነሣቱ በፊት ሁልጊዜ የሐይቁን ነፋስ የሚያሳይ አንድ ድረ ገጽ በስልኩ ከፍቶ ያያል። ያን ጠዋት ግን እጁ በውሃና በነዳጅ ርሶ ስለነበር ስልኩ ጣቱን አልቀበል አለ፤ አንብቦ ሳይጨርስም ስክሪኑ እየጠፋ አስቸገረው። በዚህ መካከል ገጹ ራሱ፣ "እኔ ክፍት እስካለሁ ድረስ ስክሪኑ እንዳይጠፋ ይፈቅዱልኛል?" ሲል ጠየቀው። አንማው ደስ አለው። ጣቱን በሸሚዙ ጠርጎ "ፍቀድ" የሚለውን ነካ። እስከ መቼ ብሎ አልጠየቀም። ደግሞስ ማን ይጠይቃል? እኔም ጠይቄ አላውቅም።

የጀልባ ሰዎች ስልካቸውን ከውሃ የሚጠብቁበት የራሳቸው መላ አላቸው። በጥቁር ፌስታል ይጠቀልሉትና አፉን በመረብ ክር አጥብቀው አስረው ከመቀመጫው ሥር ይወሽቁታል። ካልጮኸ በቀር አይፈቱትም። ድሮ ስልኩ ዝም ሲሉት ራሱ ይተኛ ስለነበር፣ አንማው ስክሪኑን አጥፍቶ የመጠቅለል ልማድ አልነበረውም። ያን ቀንም እንደ ልማዱ ጠቅልሎ አሰረው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ፈቃድ ያገኘ ድረ ገጽ ሦስተኛቸው ነው። ማንም በማያየው ፌስታል ውስጥ ስክሪኑን አብርቶ ነፋስ ሲያሳይ ዋለ።

አንማው ሰዎቹን አሻግሮ፣ እስኪገበያዩ ድረስ ዳር ላይ ሞተሩን ሲያጸዳ ቆየ። ጆሮው ግን ከፌስታሉ አልተነቀለም። ስልኩ ዝም ባለ ቁጥር "ተመስገን፣ ደህና ናት" ይላል። ምስኪን፣ ዝምታው ሰላም መስሎት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ራሱ ሊደውልላት ፈለገ። ክሩን በጥርሱ በጥሶ ፌስታሉን ፈታ። ስልኩ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይፋጃል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ቢጫነው፣ ቢያሻሸው አልበራም። ባትሪው አልቋል። የአንድ ገበያተኛ ስልክ ተውሶ በቃሉ የሚያውቀውን የሚስቱን ቁጥር ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሣም።

ተሳፋሪ ሳይጠብቅ ባዶ ጀልባውን አስነሥቶ ወደ ደሴቲቱ ከነፈ። ሲደርስ የቤቱ በር ገርበብ ብሏል። የሻረግ የለችም፤ ስልኳ አልጋው ላይ ወድቋል። ጎረቤታቸው እማማ ደብሬ ከደጅ አገኙት።

"ወዴት ጠፋህ ልጄ? ስትደውልልህ፣ ስትደውልልህ፣ ያቺ የስልኩ ሴትዮ 'ደንበኛውን ማግኘት አይችሉም' ትላታለች። ምጡ ሲበረታባት ጎረቤታችን አያ ጓዴና ወንድማቸው በታንኳ ይዘዋት ወጡ።"

"በዚህ ነፋስ?"

"ምን ያድርጉ? እዚህ ትሙት?"

"እኔ ስመጣ እኮ ሐይቁ ላይ ታንኳ አላየሁም" አላቸው። አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አንማው ወደ ጀልባው ሮጦ እንደገና ወደ ጤና ጣቢያው ተነሣ። በዕድሜው እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ሞገዱ ጀልባውን እያነሣ ያፈርጠዋል። ውሃ ላይ ነጭ አረፋ ባየ ቁጥር የእሷ ቀሚስ ይመስለውና ነፍሱ ትወጣለች። የሞተሩን ድምፅ ሳይቀር ፈራው፤ የሚጣራ ሰው ካለ ይሸፍንበታልና። መሐል ላይ አጥፍቶ "የሻረግ!" ብሎ ተጣራ። ነፋሱ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ታንኳዋ ከሞገዱ ለመሸሽ ዳር ዳሩን ዞራ ስለሄደች ነው ያላያት። ጤና ጣቢያው ሲደርስ አያ ጓዴ እርጥብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩትና "ግባ" አሉት።

የሻረግ በሕይወት ነበረች። ልጁ ግን ሳይተነፍስ ቀርቷል። አዋላጇ፣ "ትንሽ ቀደም ብላ ደርሳ ቢሆን..." ብላ ጀመረችና ተወችው።

አንማው ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከ። "ባትሪው አልቆብኝ ነው፣ የሻርዬ። ለዚያ ለነፋሱ ገጽ ስክሪኑ እንዳይጠፋ ፈቅጄለት፣ ሳላጠፋው ጠቀለልኩት። ሲበራ ውሎ አለቀ።"

የሻረግ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ "እንግዲያ ስልክህ ነቅቶ ነው የዋለው" አለችው። "ለእኔ ብቻ ነው የተኛው።"

ወገኖቼ፣ ድረ ገጹ ሌባ አልነበረም። ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ የተፈቀደለትን አደረገ። ስክሪን እንዳይጠፋ መፍቀድም በራሱ ክፉ አይደለም፤ እያነበብን ሳለን ይጠቅመናል። ጥፋቱ ዓይናችንን ካነሣን በኋላ ፈቃዱን ሳንዘጋ መሄዳችን ነው። የሰው ጉልበትም እንዲሁ ነው። ለጠየቀን ሁሉ "እሺ፣ ነቅቼ እቆይሃለሁ" እያልን እንውላለን፤ የእኛ የምንለው ሰው በጭንቅ ቀን ሲጣራ ግን ያለን ሁሉ ማንም በማያይበት ቦታ ነዶ አልቋል።

እስቲ አሁን የምታነቡበትን ስልክ እዩት። ሳታስቡት "ፍቀድ" ካላችኋቸው መካከል እስካሁን እየበሉት ያሉት ስንቶቹ ናቸው? የምትወዱት ሰው በዚህች ሰዓት ቢደውል፣ ይጠራለታል?