ወፍ ያለበት እንስራ

ፊታውራሪ ውብነህ ሁለት ነገር አጥብቀው ያምኑ ነበር፤ በዓለም ላይ በአጋጣሚ የሚሆን ነገር እንደሌለ፣ በአገሩም እንደሳቸው ያለ መልከ መልካም እንደሌለ።

አንድ ቀን በመሬታቸው ላይ የምትኖር ሸክላ ሠሪ እንስራ አመጣችላቸው። ሆዱ ላይ የምትበር ወፍ የመሰለ ጥቁር ምልክት አለበት።

«እንዴት አድርገሽ ሣልሻት?» አሉ ተደንቀው።

«እኔ አልሣልኳትም ጌታዬ። ስተኩሰው ነፋሱ ዞረና ነበልባሉ ላሰው። እንዲያው አጋጣሚ ነው።»

«ውበት በአጋጣሚ አይመጣም! መሆን ስላለበት ነው የሆነው። እስከ ሳምንት ልክ ይህን የመሰለ ካላመጣሽ፣ ከነጓዝሽ ከመሬቴ ትወጫለሽ።»

በሳምንቱ ሌላ እንስራ ተሸክማ መጣች። የአሁኑ ምልክት ግን የተረገጠ እንቁራሪት ይመስላል።

«ይህ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ብለው ጮኹ።

«እኔም ገርሞኛል ጌታዬ። ጭቃው ያው፣ እሳቱ ያው፣ እጄም ያው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተመሳሰሉም?»

ሴትዮዋ ከፊታውራሪ ጎን የተቀመጠውን የእናታቸውን ልጅ፣ ጥርሰ ገጣጣውንና ጆሮ ሰፊውን ታናሽ ወንድማቸውን አየት አደረገች።

«ምን ላድርግ ጌታዬ፤ እናትዎም እኮ እርስዎን ሊደግሙ ሞክረው ነበር።»