ይለፍ ቃሉን የረሳው ቀያሽ

አንድ ጡረታ የወጣ የመንገድ ቀያሽ ነበር። ስሙ ገብረየስ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ በየቆላውና በየገደሉ እየዞረ መንገድ የሚያልፍበትን ሲለካ ኖሮ፣ በስተርጅናው በአንዲት ደጋ ከተማ ዳር በሠራው ቤት ብቻውን ቀረ። ሚስቱ ጥሩወርቅ ሞታበታለች። ሐረገወይን የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። የምትኖረው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው፤ ግን አይነጋገሩም።

የተጣሉት በልብስ ነው። ጥሩወርቅ ካረፈች በኋላ ልጅቱ የእናቷን ልብሶች ሰብስባ ለተቸገሩ ሴቶች ሰጠች። አባቷን አላማከረችም። ገብረየስ ቁም ሣጥኑን ሲከፍት ባዶ ሆኖ አገኘው።

“ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አንድም ነገር እንዳትነኪ!” ብሎ ጮኸባት።

እሷም የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። በዚያው ሰሞን ገብረየስ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉትን የቤተሰቡን ፎቶግራፎች በሙሉ፣ እሱ ብቻ ወደሚገባበት የአስተዳዳሪ ክፍል አዛወረና ቆለፈባቸው። የወረቀት ፎቶዎቹን ቀደም ብሎ በጣሪያ የገባ ዝናብ አበላሽቷቸው ስለነበር የቀሩት እነዚህ ብቻ ነበሩ። ከእንግዲህ ማንም አይነካብኝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ግን እሱም አልከፈታቸውም። የሚስቱን ፊት ለማየት አቅም አጣ። ኮምፒዩተሩን ሲከፍት ይለፍ ቃል በማይጠይቀው በሌላው ስም እየገባ ዜና ያነብባል፣ ካርታ ይጫወታል። ከሰው ጋር ሳይነጋገር የሚውልበት ቀን ብዙ ነበር። የቴሌቪዥን ዜና አንባቢዋ “ደህና ሁኑ” ስትል “አሜን፣ ደህና ሁኚ” ይላታል። አንዳንድ ቀን ከአፉ የሚወጣው ቃል ይኸው ብቻ ይሆናል።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። የሚስቱ ሙት ዓመት በተቃረበበት አንድ ቀን፣ ፊቷን በዓይነ ሕሊናው ለማምጣት ቢሞክር እምቢ አለው። ግንባሯ ታየው፤ ፈገግታዋ ግን ጠፋበት። ደነገጠ። ተነሥቶ ኮምፒዩተሩን ከፈተና በአስተዳዳሪው ስም ለመግባት ሞከረ። ይለፍ ቃሉን ረስቶታል።

የሚስቱን ስም ጻፈ። የሠርጋቸውን ዓመት ጻፈ። የመታወቂያ ቁጥሩን፣ የቀየሳቸውን መንገዶች ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌ ሁሉ ሞከረ። ኮምፒዩተሩ የሚመልስለት አንድ ነገር ነበር፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም ይለዋል።

“እኔ ነኝ እኮ!” አለ ጠረጴዛውን እየመታ። “ባለቤቱ እኔ ነኝ!”

በማግስቱ ኮምፒዩተሩን በባጃጅ ጭኖ ወደ ጥገና ቤት ወሰደው። ጠጋኟ ወጣት ሴት ነበረች። የሚለውን ሁሉ በጥሞና ሰማችው።

“አባባ፣ ይለፍ ቃሉን በግድ ማንሣት እችላለሁ” አለችው። “ኮምፒዩተሩ ይከፈታል። ፎቶዎቹ ግን በዚያው ቃል ስለተቆለፉ ላይመለሱ ይችላሉ።”

“ታዲያ ምን ይሻላል፣ ልጄ?”

“ማስታወሱ ነው የሚሻለው። ቃሉን ያወጡት መቼ ነው?”

“የገዛሁት ጊዜ ነዋ። እግሬ ተሰብሮ ቤት የተኛሁ ጊዜ ነው።”

“ያኔ አብሮዎት ማን ነበር?”

“ሚስቴ። እሷ አርፋለች።”

“ሌላስ?”

ገብረየስ የልጁን ስም መጥራት ከበደው። ጠጋኟ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች።

“ብዙ ሰው ለይለፍ ቃል የሚያወጣው ያን ሰሞን ከአፉ የማይጠፋውን ነገር ነው። እርስዎ ቢረሱት፣ ያኔ ሲያወሩ የሰማዎት ሰው ያስታውስ ይሆናል። እስቲ መጀመሪያ ይጠይቁ። ካጡት በኋላ እኔ አለሁ።”

ቤቱ ተመልሶ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ብዙ ተቀመጠ። በመጨረሻ ደወለ።

“ሐረግ?”

“አባዬ! ምን ሆንክ? አመመህ?”

“አላመመኝም። የእናትሽ ፎቶ... ኮምፒዩተሩ አላስገባ ብሎኝ ነው።” ከስንት ዘመን በኋላ ደውሎ ይህን በማለቱ አፈረ።

“መጣሁ” አለችው።

መጣች። እንደ እንግዳ በሩን አንኳኳች፤ እሱም እንደ እንግዳ “ይግቡ” አለ። ጉልበቱን ስማ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ተቀመጠች። ገብረየስ ቃሉን ያወጣው እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ ሳለ መሆኑን፣ ጠጋኟም ያን ሰሞን ከአፉ የማይጠፋው ነገር ሳይሆን አይቀርም ማለቷን ነገራት። እሷም ጥያቄ ጀመረች።

“እግርህ የተሰበረው የት ነበር?”

“ቆላ ነው፤ ወንዝ ስንሻገር። ከበቅሎ ወድቄ።”

ሐረገወይን ዞር ብላ አየችው። “ከወይዘሪት ላይ ነው የወደቅከው!”

“ከማን?”

“ከበቅሎዋ! ስሟ ወይዘሪት አልነበር? እግሯን ውኃ እንዳይነካው ስለምትጠነቀቅ ሠራተኞቹ ያወጡላት ስም ነው ትለን ነበር። አልጋ ላይ ሆነህ ሌላ ወሬ አልነበረህም። አረማመዷን በእጆችህ ብርድ ልብሱ ላይ እያሳየህ እኔና እማዬን በሣቅ ትገድለን ነበር።”

ገብረየስ በቅሎዋን ረስቷታል። ሰው የሚያሥቅ ሰው እንደነበረም ረስቷል።

ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈችው። አልሆነም። ጥቂት አሰበችና “አንተ በዋይ አትጽፍም፤ በአይ ነው የምትጽፈው” ብላ አስተካከለችው። ተከፈተ።

ጥሩወርቅ እየሣቀች ብቅ አለች። አባትና ልጅ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያዩ ቆዩ። ገብረየስ ድንገት እንዲህ ሲል ጠየቀ፤

“ልብሶቹን ለምን ነበር እንደዚያ አጣድፈሽ የሰጠሻቸው?”

“ሽታዋ ነበረባቸው” አለች ሐረገወይን። “እዚህ ቤት በገባሁ ቁጥር ያለች ይመስለኝ ነበር። አልቻልኩም፣ አባዬ። አሁንም ቢሆን ሰማያዊ ሹራቧን የወሰደችውን ሴት መንገድ ላይ ሳያት ልቤ ስንጥቅ ይላል። እማዬ የመጣች ይመስለኛል።”

እሱ ልብሶቹን የፈለጋቸው ሽታዋ ስላለባቸው ነበር። እሷም የሸሸቻቸው ሽታዋ ስላለባቸው ነው። አንዱን ሐዘን ሁለቱ ለየብቻቸው ይዘውት እንደኖሩ ያን ጊዜ ገባው።

“ይህን ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?”

“ጠየቅከኝ?”

“ይቅር በዪኝ” አለ ዝቅ ብሎ። “እኔም ሳልጠይቅህ ወስጃለሁ፣ ይቅር በለኝ” አለችው።

ልጆቿ ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ብዙ አልቆየችም። በሩን ዘግታ ስትወጣ ቤቱ እንደ ቀድሞው ጭር አለ። ገብረየስ ያለፉትን ዓመታት አሰበና አለቀሰ። የልጅ ልጆቹ የተወለዱት እሱ በሌለበት ነው፤ ከተቆለፉት ፎቶዎች መካከል አንዱም የእነሱ አልነበረም። ያን የሚመልስለት ጠጋኝ የለም። ለሙት ዓመቱ ግን የጥሩወርቅ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ቆመ፤ ሰዎችን “እግዜር ይስጥልን” እያሉ ጎን ለጎን የተቀበሉት እሱና ልጁ ነበሩ።

ወገኖቼ፣ ሰው የራሱን ታሪክ ብቻውን ይዞ አይዘልቅም። ግማሹን የሚያስታውሱለት አብረውት የኖሩት ናቸው፤ ምን እንዳሣቀው፣ በምን እንደወደቀ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር። ተቀይመን በር ስንዘጋባቸው እነሱን ብቻ ያስወጣን ይመስለናል፤ ይዘውት የወጡት የእኛኑ ግማሽ እንደሆነ የሚገባን ግን ኋላ፣ ራሳችንን ፈልገን ስናጣው ነው። ደግሞም በድለውናል የምንላቸው ሰዎች እኛው የያዝነውን ሐዘን ይዘው ይሆናል፤ ያልጠየቅነውን አናውቅም።

እርስዎስ፣ ረስተውት ሊሆን የሚችለውን ራስዎን የሚያስታውስልዎት ማን ነው? ከደወሉለትስ ስንት ጊዜ ሆነዎት?