ደመወዝ የማይጠይቀው እሳት

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ልጀምር? «ጀምሪ» በሉኝ እንጂ፤ እኔ ዝም ላለ ሰው አላወራም። ኧኸ፣ እንዲያ ነው!

ድሮ፣ እሳትም አጥርም አህያም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ሀብቷ አንዲት አህያ ናት። ውሃ የምታመጣላት እሷ፣ እንጨት የምትሸከምላት እሷ፣ እህሏን ገበያ የምታደርስላት እሷ። አንጓችም ትወዳታለች፤ መውደዷ ትዝ የሚላት ግን ጭነት ስታራግፍላት ብቻ ነበር።

የማኅበር ተራዋ ደረሰ። ባለፈው ወር የደገሰችው ጎረቤቷ ብርጓል ናት። የብርጓል ጠላ ጥቁር፣ ድፍን ያለ ጥቁር ነበረና ማኅበርተኛው ሁሉ «ወይ ጠላ!» ብሎ ሄደ። ይህቺ ቃል አንጓችን እንቅልፍ ነሳቻት።

«የኔ ከሷ ካልጠቆረ እኔ ሰው አይደለሁም!» አለች።

ይህን ጊዜ እሳት ከምድጃው ብቅ አለ። «እመቤቴ፣ እኔ እያለሁ ምን አሳሰበሽ? ደመወዝ አልጠይቅ፣ ልብስ አልጠይቅ። ብቻ አብዪኝ።»

አንጓች ሳቀች። «ይኸው ነው? ገብሱ ከማሳዬ፣ ጌሾው ከጓሮዬ፣ ውሃው ከምንጭ፣ እንጨቱ ከዱር። የኔ ጠላ እኮ ምንም አያስወጣኝም!»

አህያዋ እንጨት እንደተጫነች ደጅ ቆማ ይህን ሰማች። «እንጨቱ ከዱር እስከዚህ በእግሩ የመጣ መሰላት እንዴ?» አለች። ማን ይስማት!

በመጀመሪያው ቀን ለጥንስሱ ቂጣ ተጋገረ። እሳት «ራበኝ» አለ፤ አንጓች አበላችው። ቂጣው ካለቀ በኋላም ሳትዳፍነው ወሬ ልትሰማ ሄደች፤ እሱም ብቻውን ሲበላ ዋለ። አህያዋ ሁለት ሳምንት ያመላለሰችው ክምር እኩሌታው አመድ ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ዱቄቱ ለእንኩሮ ምጣድ ላይ ታመሰ። የቀረው እንጨት አለቀ፤ እንኩሮው ገና ቡናማ ነው።

«እንዲጠቁር ከፈለግሽ አብዪኝ» አለ እሳት።

«ቡናማው ይበቃል፣ እመቤቴ» አለች አህያዋ።

«አህያ ስለ ጠላ ምን ታውቃለች!» ብላ አንጓች የበረቱን አጥር መንቀል ጀመረች።

አጥሩ ጮኸ። «ኧረ በፈጠረሽ! እኔን ከማገድሽኝ ጅቡን ማን ሊመልሰው ነው?»

«ማኅበሩ ይለፍ እንጂ አዲስ አሳጥራለሁ» አለችው።

በሦስተኛው ቀን ትልቁ ጋን ሊታጠን ነው። ጋን በወይራ ጭስ ካልታጠነ ደግሞ ጠላው ለዛ የለውም። ወይራ ከየት ይምጣ? እሳት ምላሱን አወጣ። «የበረቱ መዝጊያ ወይራ አይደለም እንዴ? ያውም ምን የመሰለ ወይራ!»

አህያዋ ሄዳ መዝጊያው ፊት ቆመች። «እመቤቴ፣ እባክሽ። ነገ ከዱር አመጣልሻለሁ፤ ጀርባዬ ቢላጥም አመጣልሻለሁ። እሳት ጠግቦ ያውቃል? ይህ መዝጊያ ከሄደ እኔም ሄድኩ።»

አንጓች እጇን ከመዝጊያው መለስ አደረገች። ግን የብርጓል ጠላ ትዝ አላት። «ለጥቂት ቀን እኮ ነው፣ የኔ ቆንጆ» ብላ አንገቷን አሻሸቻት፤ መዝጊያውንም ፈለጠችው።

ጅብ ሆዬ መዝጊያ የሌለውን በር አያንኳኳም። የማኅበሩ ዕለት ጠዋት አንጓች ውሃ ልትጭናት ብትሄድ፣ በረቱ ውስጥ ያገኘችው ገመዱን ብቻ ነው። ገመዱን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እንግዳ ግን አይቀርም። እንስራውን ራሷ አዝላ ውሃ ቀዳች፤ እንዲያ እንደሚከብድ ረስታው ኖሯል።

ማኅበርተኛው ገባ፤ ጠላው ተቀዳ። ጥቁር ነው። «ወይ ጠላ!» አሉ። ጋኑ ከጥግ ሆኖ «ያሳመርኩት እኔ ነኝ» አለ። ጌሾው «ኧረ እኔ ነኝ» አለ። ብቅሉ «ያለ እኔማ!» አለ።

ብርጓል ቀምሳ ተገረመች። «አንጓች እህቴ፣ ምን ብትጨምሪበት ነው እንዲህ የጠቆረልሽ?»

«አህያዬን» አለች አንጓች።

እሷም ከቂጣው ጀምራ እስከ መዝጊያው ድረስ ነገረቻቸው።

ብርጓል ዋንጫዋን አስቀመጠች። «ውይ በሞትኩት! የኔ እኮ ከሰው ጋር ሳወራ እንኩሮው አርሮብኝ ነው የጠቆረው። ማንም እንዳያውቅብኝ ስንት ተሳቅቄ ነበር መሰለሽ!»

አንጓች ወደ ምድጃው ዞር ብላ አየች። እሳት አመዱ ሥር አንድ ዓይኑን ገልጦ፣

«እመቤቴ፣ ራበኝ» አላት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ጠላ ቡናማ ነው። ቂጣውም እንኩሮውም በአንድ እሳት ይወጣል። ዋንጫ ሲያነሡም አስቀድመው «ማን ተሸከመው?» ይባባላሉ።

እናንተም ያዙልኝ፤ ያለ ደመወዝ ላገልግልህ የሚልህን፣ መጀመሪያ ምን እንደሚበላ ጠይቀው። ተረቴ እዚህ ላይ አለቀች። ስትወጡ እሳቱን ዳፍኑልኝ።