ሳይመልሱ መልስ የለም

ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል ሐሰት ብትሆን፣ ይህችን የቀረችኝን ትንሽ ነፍስ እዚሁ ቁጭ ባልኩበት ይውሰዳት! ስሙኝ እንግዲህ።

የቢያድጌ ሚስት አንጓች አንድ ዋንጫ ትኩስ ወተት ፈለገች፤ ሌላ ምንም። አንድያ ልጇ ይመኙሻል ከተዳረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ዛሬ ከነባሏ፣ ከነሚዜዎቹ ለመልስ እናቷ ቤት ትገባለች። የሰርጉ ዕለት በቅሎ ላይ ሆና እያለቀሰች፣ «እማዬ፣ ስመለስ መጀመሪያ የቦራን ወተት ነው የምታጠጪኝ» ብላለች። እናትም «ማርያምን!» ብላ ምላለች።

እናም አንጓች ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ፣ ማለቢያዋን ይዛ ወደ ላሟ ሄደች። ቦራ ሦስት ቀን ሙሉ «እምቧ!» ስትል ድምጿ ሻክሯል፤ ጡቷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ጠብታ ግን አላወርድም አለች።

«ጥጃዬን አምጪ! አህያዋ ወስዳ እየላሰችው ነው፤ መላጣ ልታስቀረው!»

አንጓች ወደ አህያዋ ሮጠች። «እሜቴ አህያ፣ ጥጃውን መልሺ! ጥጃው ከሌለ ቦራ አትታለብም፤ ቦራ ካልታለበች ልጄ ምን ትጠጣ?»

አህያዋ ጆሮዋን እንደ ጣለች፣ «ውርንጭላዬን አምጪ!» አለች። «ፍየሏ ወስዳዋለች። እስከዚያ ይኼን እልሳለሁ።»

ወደ ፍየሏ ሮጠች። ፍየሏ ገብስ ፊቷ ተደፍቶ አልነካችም። ፍየል እህል ስትጠላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሦስት እጥፍ የሚበልጣትን ውርንጭላ «ጥባ የኔ ጌታ» እያለች ትለምናለች!

«እሜቴ ፍየል፣ ውርንጭላውን መልሺ! ውርንጭላው ከሌለ አህያዋ ጥጃውን አትለቅም፤ ጥጃው ከሌለ ቦራ አትታለብም፤ ቦራ ካልታለበች ልጄ ምን ትጠጣ?»

«ግልገሌን አምጪ! ውሻዋ ጋ ነው።»

«አንቺ ሰው!» ብሎ ጮኸ ቢያድጌ ከደጅ። «ሙሽሮቹ ወንዙን ተሻገሩ!»

ወደ ውሻዋ በረረች። ውሻዋ ግልገሉን በእግሮቿ መሀል አስተኝታ በሚያልፈው ደመና ሁሉ ላይ ትጮሃለች።

«እሜቴ ውሻ፣ ግልገሉን መልሺ! ግልገሉ ከሌለ ፍየሏ ውርንጭላውን አትለቅም፤ ውርንጭላው ከሌለ አህያዋ ጥጃውን አትለቅም፤ ጥጃው ከሌለ ቦራ አትታለብም፤ ቦራ ካልታለበች ልጄ ምን ትጠጣ?»

«ቡችላዬን አምጪ! ዶሮዋ ታቅፋዋለች።»

እውነትም ዶሮዋ ላባዋን ነፍታ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ የቡችላው ጭራ ብቻ ብቅ ብሏል።

«ሚዜዎቹ ዘፈኑን ጀመሩት!» አለ ቢያድጌ።

«እሜቴ ዶሮ፣ በሞቴ፣ ቡችላውን መልሺ! ቡችላው ከሌለ ውሻዋ ግልገሉን አትለቅም፤ ግልገሉ ከሌለ ፍየሏ ውርንጭላውን አትለቅም፤ ውርንጭላው ከሌለ አህያዋ ጥጃውን አትለቅም፤ ጥጃው ከሌለ ቦራ አትታለብም፤ ቦራ ካልታለበች ልጄ ምን ትጠጣ? ዛሬ እኮ መልስ ነው!»

ዶሮዋ በአንድ ዓይኗ አየቻት። «መልስ፣ መልስ ትያለሽ! መልስ ካማረሽ መጀመሪያ አንቺው መልሺ!»

«እኔ ደግሞ ምን ወሰድኩ?»

የአንጓች ነጠላ ተንቀሳቀሰ። «ጪው» አለ ደረቷ።

ልጇ የሄደች ዕለት ቤቱ ጭር ሲልባት፣ አንዲት ጫጩት አንስታ «ለአፍታ ብቻ» ብላ ጉያዋ ከታት ነበር። አፍታዋ ሦስት ቀን ሆነች!

«የጎደለባት እናት ያገኘችውን ታቅፋለች» አለች ዶሮዋ። «እኛስ ከማን የተማርን መሰለሽ?»

አንጓች ጫጩቷን አወጣች። አየቻት። መልሳ ልትከታት ቃጣት። በሩ ላይ እልልታ ሲሰማ ግን አፏን ስማ መሬት አስቀመጠቻት።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል! ጫጩቷ ወደ ዶሮዋ፣ ቡችላው ወደ ውሻዋ፣ ግልገሉ ወደ ፍየሏ፣ ውርንጭላው ወደ አህያዋ፣ ጥጃው ወደ ቦራ! ፍየሏ ገብሱን ከነቁናው በላችው። ቡችላው እናቱ ስትልሰው በደስታ «ጪው!» አለ። የቦራ ወተት ማለቢያውን ሞልቶ፣ እንስራውን ሞልቶ፣ ደጁን አልፎ የሚዜዎቹን ጫማ አራሰ።

ይመኙሻል ዋንጫውን ጨልጣ፣ ከንፈሯ ነጭ እንደሆነ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ ጉያሽ ውስጥ ምንድን ነው? ላባ?»

«ዝም ብለሽ ድገሚ!» አለች አንጓች፤ እቅፏን ግን አላላላችም።

ሁሉም እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከኔ ኪስ ናት፦ ቡችላው «ጪው» ያለው አንዴ ብቻ እንደሆነ አስመስዬ ነገርኳችሁ። አንዴ አይደለም፤ ሁለቴ ነው።