የፊታውራሪ መሸሻ ሜዳሊያ

ፊታውራሪ መሸሻ ጦር ሜዳ ረግጠው ባያውቁም የድሮ የጀርመን ጦር ሜዳሊያ መሰብሰብ ነፍሳቸው ነበር። አንድ ቀን ለጀግና ወታደር ይሰጥ የነበረ የብረት መስቀል ገዝተው፣ ደረታቸው ላይ ሰክተው ግብር አበሉ። እንግዶቹ ግን «ይሄ ተመሳስሎ የተሠራ ነው» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰሟቸው። በንዴት በምላሱ የታወቀውን የሰፈሩን ብር ሠሪ አስጠሩት።

«በል በሰው ፊት ተናገር! እውነተኛ ነው ወይስ የውሸት? የውሸት ነው ካልክ ትገረፋለህ፤ እኔን ደስ ለማሰኘት ከዋሸህም ትገረፋለህ» አሉት።

ብር ሠሪው ጠጋ ብሎ መስቀሉን አገላብጦ አየው። ከዚያ ፊታውራሪን ከእግር እስከ ራሳቸው ተመለከተና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ መስቀሉስ እውነተኛ ነው። እኔን ያጠራጠረኝ የተሰካበት ደረት ነው።»

እንግዶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ፊታውራሪም ለጅራፉ ሰበብ አጡ።