ሎሚ ሎሚ የሚለው በሶብላ

በአንድ ወቅት፣ የሁሉም ሰው በርበሬ አንድ ዓይነት በሚሸትበት ገበያ አቅራቢያ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ የሚባሉ በርበሬ ሻጭ ነበሩ። ከባላቸው የቀረላቸው አንድ የመስኖ መሬት ነበር። የውሃው ተራ አንድ ስለሆነ መሬቱ አይከፈልም፤ ከሦስቱ ልጆቻቸው ለአንዱ ብቻ ይደርሳል። ሦስቱም የሚያርሱት ዝናብ የሚጠብቅ ተዳፋት ነው። ስለዚህ እናትየው፣ «በርበሬዬን ከገበያው የሚለይ በሶብላ ያስገኘልኝ መሬቱን ይውሰድ» ብለው ቃል ገቡ።

ታላቁ በላቸው ያገኘውን ሁሉ የሚያሸት ሰው ነው። ታናሹ ስንሻው «አፍንጫህ ካንተ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው» እያለ ይቀልድበታል። በላቸው የሰዉን ጓሮ ሁሉ እየዞረ፣ ቅጠል በጣቶቹ እያሸ ሲያሸት ከረመና አንድ አጥር ሥር ሎሚ ሎሚ የሚል በሶብላ አገኘ። ከነአፈሩ ነቅሎ እናቱ ጓሮ ተከለው። እንዳይቀደም ፈርቶ ግን ለማንም አልተናገረም።

በሶብላ ለበርበሬ የሚታጨደው ሲያብብ ነው። ወይዘሮ አመለወርቅም እንደ ልማዳቸው ማጭዳቸውን ይዘው ወጡና ያበበውን ሁሉ ከሥሩ አጨዱ፤ የበላቸውንም አብረው። ሽታው የገባቸው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት ነው።

«ምነው እጄን በቆረጠው!» አሉ።

በላቸው ወደ አጥሩ ሥር ተመልሶ ቢፈልግ ሌላ አልነበረም።

ስንሻው ከስጡ ውስጥ ያላበበች አንዲት ለጋ ቅርንጫፍ መዘዘ። ጠውልጋለች።

«ይቺማ ሞታለች፣ ተዋት» አለው በላቸው።

«አንተ ማሽተቱን ጨርሰሃል፤ ማጠጣቱን ለእኔ ተወው።»

ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተታት፤ ውሃውን እየለወጠ፣ ከፀሐይ ሲከልላት ሥር አወጣች። እናቱ ጓሮ ተከላት።

ያን ጊዜ የጎረቤቱ በሶብላ ታጭዶ አልቋል። እዚያው አጠገብ ዘግይታ የዘራችው እህታቸው ይታይሽ ብቻ ነበረች፤ የዓመቱ ገቢዋም እሱ ነው። የስንሻው ችግኝ ማበብ ስትጀምር ይታይሽ ንቦች ሲመላለሱባት አየች፤ የእሷ መደብ ገና እምቡጥ ነበር። የእሷም አብቦ የሁለቱ የአበባ ዱቄት ከተቀላቀለ የችግኟ ዘር ተራ በሶብላ ሆኖ እንደሚበቅል ታውቃለች። ስለዚህ የራሷን በእምቡጡ ታጭድ ጀመር።

«አበድሽ እንዴ? ይህን ማን ይገዛልሻል?» አላት ስንሻው።

«ማንም። ይልቅ ና አግዘኝ።»

በሚቀጥለው ዓመት ዘሩ በቀለ፤ መደቡ ሁሉ ሎሚ ሎሚ አለ። ገበያተኛው የወይዘሮ አመለወርቅን በርበሬ እያሸተተ ይከብባቸው ጀመር። ልጆቹም ፊታቸው ቀረቡ።

«እኔ ባላገኘው ምን ልታጠጡ ነበር?» አለ በላቸው።

«እኔ ባልደርስለት ወጥ ውስጥ አልቆ ነበር» አለ ስንሻው።

 እናትየው ግን አምና ባዶ የቀረውን የይታይሽን መደብ አልረሱም፤ የገዛ ማጭዳቸውንም አልረሱም። ውሃው ለሦስት የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቁ።

እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ መሬቱን ለማን ትሰጡ ነበር?